ዓይኗ ይማር

ባለፈው ሰሞን ጣቴን ቢላ ቆርጦኝ ወሎ ሰፈር ካለ አንድ ፋርማሲ ፕላስተር ልገዛ ገባሁ። ልጅቷ ተቆራርጦ የታሸገውን፣ ለስላሳውን አወጣችልኝ። እኔ ግን ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ጥቅሉን፣ ያንን ነጭ ሸካራ ፕላስተር አይቼው ነበር። "እሱማ ቆዳ ይልጣል" አለችኝ። አውቃለሁ፤ እኔን ልጦኛል። ቤት ገብቼ ጫፉን በጥፍሬ ፈልቅቄ ስስበው ሽታው ወጣ። ጎማ ጎማ የሚል፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ካፍንጫ ቶሎ የማይለቅ ሽታ ነው። ጣቴን ረስቼ ቁጭ አልኩ። ለሌላው ሰው ይሄ የቁስል ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ የአዳዳ ሽታ ነው።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ደሚቱ ነው፤ በአባቴ አገር ግን ልጆች የአባታቸውን እህት አዳዳ ነው የሚሉት። አገር ስል ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጎሮን ማለቴ ነው። ያኔ ጎሮ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር፤ ከእኛ ቤት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስንቅ ይቋጠርለታል። አዳዳ በእግሯ ስትመጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትመጣና አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ከቦይ ውሃ እግሯን ታጥባ ትጫማለች። ለእግሯ አዝና እንዳይመስላችሁ፤ አስፋልቱን አክብራ ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ ደግሞ ሁልጊዜ ቆም ብላ ታሳልፈዋለች፤ መንገድ ላይ ሽማግሌ ያገኘች ይመስል።

በዚያ ክረምት የመጣችው ግን ልትጠይቀን አልነበረም። እኔን ልትጠብቅ ነው የመጣችው፤ ምክንያቱ የግራ ዓይኔ ነው።

ስድስት ዓመቴ ነበር። በቆርቆሮ አጥራችን ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ አለች፤ መንገዱን የማየው በእሷ ነው። በቀኝ ዓይኔ ሳይ የሕብረት ሱቁ ሰልፍ፣ ተራ ለመያዝ የተደረደረው ድንጋይና ዘንቢል፣ የሴቶቹ የነጠላ ጥለት ሳይቀር ይታየኛል። በግራው ስሞክር ሁሉም ነገር እርጎ ውስጥ ይገባል፤ ሰዉ ጠፍቶ ቀለም ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይሄ ምንም አላስጨነቀኝም። እንዲያውም ምክንያቱን አግኝቼለት ነበር፤ ሰው ሁለት ዓይን የተሰጠው አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለማለም ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ሕልም መቼ ጥርት ብሎ ይታያል? ይህን ዕውቀቴን ለብዙ ጊዜ ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ስለመሰለኝ።

አንድ እሁድ ጠዋት እናቴ በረንዳው ላይ ፀጉሬን እያበጠረች "እማዬ፣ አንቺ የምታልሚው በየትኛው ዓይንሽ ነው? እኔ በግራው ነው" አልኳት።

ሳቀች። "እንዴት አወቅሽ?"

"ቀኙን ስሸፍነው ሕልም ይመጣላ።"

ሚዶው ፀጉሬ ውስጥ ቆመ። እናቴ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችና ቀኝ ዓይኔን በመዳፏ ሸፍና ሌላውን እጇን ከፊቴ ዘረጋች። "ስንት ጣት ነው?"

"የምን ጣት?" አልኳት።

እናቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ ጣቶቿ ቤትም ሲገቡ አርፈው አያውቁም፣ ጠረጴዛውን፣ ጉልበቷን፣ የእኔን ጀርባ ይመታሉ። ያን ቀን ግን እጇ ከፊቴ ተዘርግቶ ለብዙ ጊዜ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። ያየችኝ ሐኪም ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ግድግዳው ላይ የሚዶ ሥዕል የሞላበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኋላ የፈረንጅ ፊደል ነው ሲሉ ሰማሁ እንጂ ለእኔ ሚዶ ነበር፤ ላይ ትልልቁ፣ ታች ትንንሹ፣ አንዱ ጥርሱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን አዙሯል። "ጥርሱ ወዴት ነው? በእጅሽ አሳዪኝ" ትለኛለች። በቀኙ ታች ድረስ ወረድኩ። በግራው ላይኛውን ትልቁን ሚዶ እንኳ አላገኘሁትም፤ ሰሌዳው ራሱ የተሰቀለበትን ግድግዳ ነው የፈለግኩት።

ዶክተሯ በመብራት ዓይኔን ውስጡን ካየች በኋላ ወደ ወላጆቼ ዞረች። "ሕፃን ሳለች ዓይኗ ታሞ ነበር?"

"የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ ለወራት ተዘግቶ ነበር" አለች እናቴ። "ኋላ ግን ዳነ።"

"አዎ፣ ድኗል። ዓይኗ አሁን ምንም የለበትም። ያልተማረው አእምሮዋ ነው።"

አባቴ ቅር አለው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ክፍል ነበር የሚሠራው፤ በሰው ፊት ብዙ የማይናገር ሰው ነው። "ልጄ ጎበዝ ናት" አለ። "ከአሁኑ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች።"

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "እሱን ማለቴ አይደለም። ሰው ሲወለድ ማየት አይችልበትም። እያየ ነው ማየትን የሚማረው። ዓይን ያገኘውን ሁሉ ወደ አእምሮ ይልካል፤ አእምሮም በተላከለት ልክ ለዚያ ዓይን ቦታ ያበጃል። የሷ ግራ ዓይን ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የሚልከው ነገር አልነበረውም። ቀኙ ቦታውን ወሰደበት። አሁን ቢከፈትም የሚቀበለው አጣ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ጠንካራውን እንሸፍነዋለን። ግራው ብቻውን እየሠራ፣ ቦታውን ያስመልስ። ዓይኗ ይማር።"

በዚህ ዓይነት ጤነኛው ዓይኔ ታሰረ። ጠዋት ስነሳ ጥጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀኝ ዓይኔ ላይ ይቀመጣል፣ ከላዩ ያ ሸካራ ፕላስተር ከግንባሬ እስከ ጉንጬ ይለጠፋል፣ ማታ እስክተኛ አይነሳም። ሰፈሩ በሙሉ እርጎ ሆነ። የቤታችንን ደጃፍ በእጄ እየዳበስኩ ነው የማገኘው። ድመታችን ድመት መሆኗን የማውቀው ስትጮህ ነው። ሰው ሲያናግረኝ ከድምፁ በቀር ፊት የለውም።

አዳዳ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። አባቴ ተረኛ ስለነበር ልብሱን እየለበሰ፣ ሰርቪሱ ውጭ ጥሩምባ እየነፋበት፣ በር ላይ ተቀበላት። "ደሚ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አለና እየሮጠ ነገራት። "ዶክተሯ ዓይኗ ይማር ብላለች። ፕላስተሩ እንዳይነሳ።" ከዚያ ሄደ።

አዳዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያመጣችውን የገብስ ቆሎ ከጭኗ አላወረደችም። "ኢንታላ ኮ" አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ያልተሸፈነውን፣ እርጎውን ዓይኔን ሳመችው። ልብሷ ጭስና የረጠበ ሣር ይሸታል። ደስ ብሏት ነው ብዬ ነበር።

ስወጣ ስገባ የሚያየኝ ሰው ሁሉ "ውይ፣ ይማርሽ" ይለኛል። የሱቁ ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች አንድ ላይ ነው የሚሉት። ይሄ ወሬ እንዴት በአንድ ጊዜ ተዳረሰ ብዬ ገረመኝ፤ ዓይኔ ትምህርት መግባቱን የማያውቅ የለም ማለት ነው። እናቴ ሰው ሲያናግርሽ መልሺ ስላለችኝ "እየተማረ ነው" እያልኩ እመልሳለሁ። ሴቶቹ ከንፈር ይመጣሉ። ሳነጥስ "ይማርሽ" የሚሉትም ለዚሁ ይመስለኝ ነበር፤ አፍንጫም ትምህርት የሚያስፈልገው ብልት ነው ብዬ።

በነገሩ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ መሠረተ ትምህርት ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዳይቀር ቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራል። አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ወደ ግቢያችን ገባችና አዳዳን አገኘቻት።

"እማማ፣ እርስዎም ይማሩ እንጂ" አለቻት።

"ማንን?" አለች አዳዳ።

"እንዴት ማንን? ይማሩ ነው የምልዎት።"

"ማን በደለኝና ነው የምምረው? ከማንም ጋር ቂም የለኝም፣ ልጄ።"

ልጅቷ ሳቋ አላስቆም አላት። "ፊደል ይቁጠሩ ማለቴ ነው፣ እማማ።"

"እንደሱ በይኛ" አለች አዳዳ፤ እሷም ሳቀች። ከቆሎውም ዘገነችላት። መሄዱን ግን አልሄደችም። "በዚህ ዕድሜዬ" ብላ ተወችው።

እናትና አባቴ ሥራ ሲሄዱ የግቢያችን በር ይዘጋና አዳዳ ታስጠጋኛለች። ትንሽ ዘይት በእሳት ዳር ለብ አድርጋ በጥጥ እያስነካች የፕላስተሩን ጫፍ ታርሰዋለች፤ ከቆዳዬ ላይ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ታነሳዋለች። እናቴ ማታ በአንድ ጊዜ ነው የምትስበው፤ ቶሎ ሲያልፍ ይሻላል ባይ ናት። አዳዳ ስታነሳው ግን አያምም፤ ሽታው ብቻ ነው ያለው፣ የጎማውና የዘይቱ። ከዚያ ዓለም ትመለሳለች። የአዳዳ ፊት ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት፣ የቀኝ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ጫፍ፣ ጎላ ያለው የላይ ጥርሷ።

"ተጫወቺ" ትለኛለች። "ላይረባ ለምን ትንገላቺያለሽ? ማንም ካልጠየቀን አንናገርም።"

ማን ይጠይቀኛል? አጥሩ ቀዳዳ ላይ እውላለሁ፣ ድመቷን አባርራለሁ፣ ብቻዬን ብይ እጫወታለሁ። እናቴ ልትመጣ ስትል አዲስ ጥጥ፣ አዲስ ፕላስተር ይለጠፋል። በሕይወቴ እንደ አዳዳ የወደድኩት ሰው አልነበረም። ለእናቴ ትንሽ ቂም ያዝኩ፤ ክፉዎቹ እነሱ፣ ደጓ እሷ ናት።

ሐምሌ ሲጋመስ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እናቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች አባቴና አዳዳ ናቸው የወሰዱኝ። አዳዳ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን ጨብጣ ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ዶክተሯ ቀኙን ሸፍና ሚዶዎቹን ጠየቀችኝ። ላይኛውን አላየሁትም። ቀረብ አደረገችኝ። አላየሁትም። ወንበሯ ላይ ተደገፈች።

"ቀኑን ሙሉ ይሸፈናል?"

"ቀኑን ሙሉ ነው" አለ አባቴ።

"እንዲህ ምንም ሳይለወጥ መቅረት አልነበረበትም። ቢያንስ ትልቁን ልታይ ይገባ ነበር።"

አዳዳ ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሳች። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ መናገር ነውር መስሏት ይሆናል።

"እኔ ነኝ የምፈታላት" አለች።

አባቴ ዞሮ አያት። "ደሚ፣ አንቺ ነሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ሐኪሟ ራሷ ተስፋ ቆርጣለች ብለህ አልነገርከኝም? ከዚያ ወዲያ ልጅቷ በጨለማ ምን አለፋት? ፊቷ እስኪላጥ ለምን?"

"እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ?" አለች ዶክተሯ።

"ዓይኗን ይማር ብለሻል አሉኝ፣ ልጄ። ሐኪም እግዜር ይማራት ካለ ምን ይቀራል? የእኔን እናትም ሐኪሙ እንደዚያ ብሎ ነው የመለሰልን። በሳምንቱ ቀበርናት።"

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። መጀመሪያ የሚስቅ መሰለኝ፤ ሳቅ አልነበረም። ወደ እህቱ ቀረበና በቋንቋቸው፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ "ሃ በረቱ ማለቴ ነበር፣ ደሚ። ሃ በረቱ" አላት። ትምህርት ይማር እንደማለት ነው፤ በዚያ ቋንቋ ምሕረት የሚባለው ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ የሚሳሳትም የለም። በአማርኛ ግን "ይማር" ሲጠብቅ ትምህርት፣ ሲላላ ምሕረት ነው። አባቴ እየሮጠ አጥብቆ የነገራትን እሷ አላልታ ሰማችው። በወረቀት ላይ ቢሆንማ ማንም አይለየውም።

አዳዳ እንደገና ተቀመጠች። እኔም ያኔ ነው የሰፈሩ ሴቶች ይማርሽ የሚሉኝ ስለ ትምህርቴ እንዳልነበረ የገባኝ፤ አፈርኩ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወንበሯን ስባ ከአዳዳ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ለአባቴ የነገረችውን ሁሉ እንደገና ነገረቻት፤ ዓይኑ አለመታመሙን፣ ቦታውን ቀኙ እንደወሰደበት፣ ቀኙ ክፍት ሆኖ በዋለ ቁጥር ግራው ምንም እንደማያገኝ። አዳዳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማቻት።

"ይሄማ እንደ መንታ ግልገል ነው" አለች በመጨረሻ። "በጓ መንታ ስትወልድ ብርቱው ሁለቱንም ጡት ይዞ ደካማውን ይገፋዋል። ብርቱውን ካላሰርንለት ደካማው አይጠባም።"

"ልክ እንደዚያ ነው፣ እማማ።"

"እኔ ታዲያ ብርቱውን ነው ስፈታው የከረምኩት።"

"አያውቁም ነበር።"

"ደካማው ግልገል ሰንበት ካለ ኋላ ቢያገኝም አይጠባም" አለች አዳዳ። ድምጿ ተለወጠ። "ይሄስ ጊዜው መቼ ያልፋል?"

ዶክተሯ ወደ እኔ አየች መሰለኝ። "ልጅ እስከሆነች ድረስ አእምሮዋ ይቀበላል። እያደገች ስትሄድ እየጠበበ ይመጣል። የሷ ደግሞ ገና በሕፃንነቷ ስለተዘጋ ከባድ ነው። አዲስ ዓመት እንዳለፈ አምጡልኝ። ያኔም ምንም ለውጥ ከሌለ እንተዋታለን፤ በከንቱ አናሰቃያትም። በአንዱ ዓይኗ ትኖራለች።"

"በአንዱ ዓይኗ" አለች አዳዳ። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ፕላስተሬን አይታ "ይማርሽ የኔ እናት" አለችኝ። አዳዳ ቀና አለችና "አልታመመችም፤ ትምህርት ላይ ናት" አለቻት። ሴትየዋ ቦታ ለወጠች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጓ አዳዳ ጠፋች። ለብ ያለ ዘይት ቀረ። እናቴ እንኳ ፕላስተሩ የላጠውን ጉንጬን አይታ "እትዬ ደሚቱ፣ ዛሬ ትንሽ እናሳርፋት ይሆን?" ስትል "እርስ በርስ አናታልል" ትላታለች። ዓይኔን ሥራ አስያዘችው። መቼም ዝም ብሎ አይውልም። በረንዳው ላይ ሰፌድ ጉልበቴ ላይ ታስቀምጥና ምስር ትደፋበታለች፤ ጠጠሩን ለቅሜ ማውጣት አለብኝ። መጀመሪያ በጣቴ እየዳበስኩ፣ የጠነከረብኝን እየወረወርኩ አጭበረበርኳት። አወቀችብኝ። "እጅሽ አይደለም የሚማረው" አለችና ጠጠሩን ሳልነካ በጣቴ እንዳሳያት አዘዘችኝ። ጨሌ ታቀርብልኛለች፣ በክር እሰካለሁ፤ ክሩ ቀዳዳውን ሲስት ጨሌው ይወድቃል፣ ወለሉ ላይ እየዳህኩ እፈልጋለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ እጇን አገጬ ሥር አድርጋ ፊቴን ወደ ላይ ታቀናዋለች። "ወዴት ሄደ?" በድምፁ እነግራታለሁ። "በጆሮሽ አልጠየቅኩሽም።"

መሠረተ ትምህርትም ገባች። ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ደነገጠች። ከሰዓት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ እኔን ይዛኝ ትሄዳለች፤ ከፊት፣ ከሰሌዳው ሥር እንቀመጣለን። አንዲት ሴት ሕፃኗ ምን ልታደርግ መጣች ብላ ስትጠይቃት "ሁለታችንም ይማሩ ተብለናል" አለቻት። አዳራሹ የረጠበ ካፖርትና የጠመኔ ብናኝ ይሸታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ መምህሯ አትሰማም፤ ፊደሉን በእንጨት ብቻ ትነካዋለች። እኔ ፊደሎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ አዳዳ አታውቃቸውም ግን ታያቸዋለች። "እግሩ ወዴት ነው የታጠፈው?" እላታለሁ በሹክሹክታ። "ወደ ቀኝ" ስትለኝ የፊደሉን ስም እነግራታለሁ። ከዚያ ደግሞ እሷ በተራዋ "አሁን አንቺ እዪው" ትለኛለች። እኔ ጭጋግ ነው የማየው፤ ነጭ ሽርጥ ያለበት ጭጋግ።

ማታ ማታ እናቴ ጣቷን ዘርግታ ትፈትነኛለች። እዚህ ላይ እናቴን አሞኛት ነበር፤ ሁልጊዜ በሦስት ነው የምትጀምረው። "ሦስት" ስላት ደስ ይላታል። ሁለተኛው ላይ እስታለሁ። አባቴ "አንዱን እኮ አገኘች" ይላል። አዳዳ ብቻ አታምንም። ዓይኔ ተማረ አልተማረ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም። ከእርጎው መሃል አንዳንዴ የሆነ ጫፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ይሁን አይሁን ሳልለየው።

ጳጉሜ ገባ። ቀጠሮው ቀረበ። ዝናቡ ቀንሶ ከአጥሩ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ አደይ አበባ ሆኗል ይላሉ፤ ለእኔ ቢጫ ነው፣ በቃ። የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ እያጨበጨቡ ይለማመዳሉ፤ ጭብጨባቸው በቆርቆሮው ሥር ይገባል። ያን ጠዋት አልለጠፍም አልኩ። የአልጋውን እግር አጥብቄ ያዝኩ፣ ጮህኩ፣ የአዳዳን እጅ ነከስኩ። ጉንጬ ተልጦ ስለነበር የተላጠውን ትታ ከፍ አድርጋ ለጠፈችው። ጥጡን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

"አልወድሽም" አልኳት። "ወደ ጎሮሽ ሂጂልኝ። ሁሉም ሰው ካንቺ ይሻላል።"

"እሄዳለሁ" አለች። "ዓይንሽ ሲማር እሄዳለሁ። እስከዚያ ምስርሽን ልቀሚ።"

ድምጿ የሁልጊዜ ድምጿ ነው፤ ደረቅ ያለ፣ ትንሽ ቀልድ ያለበት። ያ ድምፅ ነው ያቃጠለኝ። ይቺ ሴት አንጀት የላትም ብዬ አሰብኩ። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰፌዱ ጉልበቴ ላይ መጣ፣ እሷም እንደ ሁልጊዜው ከፊት ለፊቴ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጠጠር በጣቴ እያሳየኋት፣ የባሰ የሚያሳምም ነገር እፈልግ ነበር። ደመናው ተከፈተና ፀሐዩ በረንዳውን ሞላው። ነገሩን አገኘሁት፤ ልናገረው ቀና አልኩ።

ከፊቴ ያው የለመድኩት ነው። የሻሿ ጥቁር፣ ከሥሩ የፊቷ ቡናማ። በቡናማው ላይ ግን አንድ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር አለ። ከላይ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ አገጯ ላይ ይጠራቀማል። ተንቀጠቀጠና ወደቀ። ሌላ መጣ።

ልናገር የነበረው ጠፋኝ። "አዳዳ፣ ፊትሽ ላይ ውሃ አለ።"

አልጠረገችውም።

"ምን አልሽ?" አለች፤ በጣም ቀስ ብላ።

"እያለቀስሽ ነው።"

"ከየትኛው ዓይኔ ነው የሚወርደው?"

አንገቴን አስግጌ አየሁ። "ከሁለቱም። በዚህ በኩል ያለው ግን አፍሽ ውስጥ ገባ።"

ሰፌዱን ከጉልበቴ አነሳችው። በርጩማዋን ወደ ኋላ ገፋችና ተቀመጠች። "አሁንስ?"

"አለ።"

ከዚያም ራቅ አለች፤ ከበረንዳው ወርዳ ጭቃው ላይ ቆመች። "አሁንስ?"

"አሁን አይታየኝም። ቅረቢ።"

መጣች። ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠጋችልኝ፤ ልዳስሰው ስል እጄን ያዘችው። "በዓይንሽ" አለችኝ። ድምጿ ያኔ ነው የተሰበረው። እኔ ቁልቁል የሚሮጠውን እያንዳንዱን እንባ በጣቴ ሳልነካ እየጠቆምኩ ቆጠርኩላት፤ እሷም እየሳቀች ማልቀሷን አላቆመችም። የነከስኩት እጇ እጄን ይዞ ነበር፤ ያን ሳይ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

እናቴ ከሥራ ስትመጣ አዳዳ በር ላይ ጠበቀቻት። "ፕላስተሩን ስለጥፍላት ሁልጊዜ እንዳለቀስኩ ነው" አለቻት። "አታየኝም ብዬ ፊቴን እንኳ አዙሬ አላውቅም። ድምፄን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ዛሬ አየችኝ።"

እናቴ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ስንት ጣት እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ጠዋት ፕላስተሬን ለጥፋልኝ ስታበቃ፣ አዳዳ ለማልቀስ ጓሮ መውጣት ግድ ሆነባት።